ሁለተኛው ባለይዞታ

ባለፈው ሐሙስ የጡረታ መታወቂያዬን በፕላስቲክ ላስለብጥ አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ሰፈር አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ገብቼ ነበር። ባለቤቷ ማሽኑን አብርታ እስኪግል ድረስ ስለ ሙቀቱ አወራን፤ ዘንድሮ ዝናቡ ዘግይቷል፣ ከሐይቁ በኩል የሚመጣው ነፋስ እንኳ የጋለ ነው። ካርዱ በማሽኑ ውስጥ ሲያልፍ ያ ሽታ ወጣ፤ የሞቀ ፕላስቲክ፣ ትንሽ የተቃጠለ ሙጫ፣ ከሥሩ ደግሞ አዲስ ወረቀት። ሌላ ሰው ልብ አይለውም ይሆናል። እኔ ግን ወንበር ጠየቅኋት። «ስኳር አለብዎት እንዴ?» አለችኝ ውሃ እየቀዳችልኝ። «የለብኝም፣ የድሮ ነገር ትዝ ብሎኝ ነው» አልኳት። የድሮ ነገር ሰውን ወንበር ሲያስጠይቅ አይታ አታውቅ ይሆናል።

ያ ሽታ ዳገቱ ላይ፣ ሴቻ ሰፈር የነበረው መሥሪያ ቤታችን ሽታ ነው። ያን ጊዜ ባጃጅ አርባ ምንጭ አልገባም። ከሲቀላ ሴቻ የሚወጣው ሚኒባስ ሰባ አምስት ሳንቲም ነበር፤ ዳገቱ መሀል ላይ ሞተሩ ሲያቃስት ተሳፋሪው ሁሉ ወደ ፊት ያጎነብሳል፣ የሚያግዘው ይመስል። አውቶቡስ መናኸሪያው ጥግ ላይ ካሴት የሚሸጥ ሰው ነበር፤ ድምፅ ማጉያውን በር ላይ አውጥቶ አንዱን ዘፈን ሳምንት ሙሉ ያጫውተዋል፤ በሳምንቱ መጨረሻ ከተማው ሁሉ ግጥሙን ሸምድዶታል። እኔ ጂንስ ቀሚስ እስከ ቁርጭምጭሚቴ ለብሼ፣ ወፍራም ሶል ያለው ጫማ ተጫምቼ፣ ፀጉሬን በጥቁር ማስያዣ ጠፍሬ ነበር ሥራ የምሄደው። ቢሮ በር ላይ ስደርስ ግን ጫማው ይወልቃል። ኮምፒውተር ክፍል ውስጥ በጫማ አይገባም ነበር፤ አቧራ ማሽኑን ይገድለዋል ይባል ነበርና። ማን ሥራ እንደገባና ማን እንደቀረ የምናውቀው በር ላይ ከተደረደሩት ጫማዎች ነው። በመስኮቱ በኩል ሁለቱ ሐይቆች ይታያሉ፤ አንዱ ቡና የፈሰሰበት የሚመስል፣ አንዱ ሰማያዊ። ለነሱ ጀርባችንን ሰጥተን ቀኑን ሙሉ ስክሪን ላይ እናፈጥ ነበር።

ከሰሜን ለትምህርት መጥቼ እዚሁ የቀረሁ ሰው ነኝ። ጃቫ የሚባለውን የፕሮግራም ቋንቋ የተማርኩት ሽፋን ከሌለው፣ በጅማት ከተሰፋ የፎቶ ኮፒ መጽሐፍ ነው። በመሥሪያ ቤቱ ውስጥ ጃቫ የምታውቅ እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ይህ ደግሞ ልቤን ከፍ አድርጎት ነበር፣ አልዋሽም። የተቀጠርኩት በኮንትራት፣ በየዓመቱ በሚታደስ ውል ነው። ሥራው የገበሬዎችን የመሬት ይዞታ ከወረቀት ወደ ኮምፒውተር አስገብቶ ለእያንዳንዱ ቤተሰብ የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ማሳተም ነበር። ቅጾቹ ከየቀበሌው በማዳበሪያ ከረጢት ታስረው ይመጣሉ። ጸሐፊዎቻችን እያንዳንዱን ቅጽ አንድ ፋይል አድርገው ይጽፉታል። ፋይሉ ኤክስኤምኤል በሚባለው ስልት የተሠራ ነበር፤ ነገሩ ቀላል ነው፤ እያንዳንዱ መረጃ በሁለት ምልክት መሀል ይታጠራል። «ባለይዞታ» የሚል ምልክት ይከፈታል፣ ስሙ ይገባል፣ ምልክቱ ይዘጋል። «ቀበሌ» ይከፈታል፣ ይገባል፣ ይዘጋል። ሰውም ያነበዋል፣ ማሽንም ያነበዋል።

እኔ በጃቫ ሦስት መሣሪያ ሠራሁ። የመጀመሪያው ፋይሎቹን የሚያነብ ነው። ሁለተኛው መርማሪው ነው፤ እኔ በጻፍኩለት የደንብ ፋይል እየለካ «ይህ ትክክል ነው፣ ይህ አይደለም» ብሎ የሚለይ። ሦስተኛው አራሚው ነው፤ መርማሪው የጣለውን ፋይል እንዳመቸው አስተካክሎ መልሶ የሚያስገባ። ከሦስቱ የምኮራው በአራሚው ነበር።

አራሚው የተወለደው በችኮላ ነው። መርማሪው ሥራ በጀመረ በሁለተኛው ቀን ፋይሎቹን በገፍ ይጥል ጀመር። የሚያወጣው መልእክት አንድ ነው፤ «ያልተጠበቀ ነገር ተገኝቷል፦ ባለይዞታ።» የጸሐፊዎቹ ኃላፊ ቅድስት፣ ረጋ ያለች፣ ሁልጊዜ ነጠላዋን በትከሻዋ ላይ ጣል የምታደርግ የጨንቻ ልጅ፣ ወደ እኔ መጥታ «ሙሉዬ፣ ማሽንሽ ሥራችንን አልበላም አለ» አለችኝ። እኔም ፋይሉን ከፍቼ ሳላይ መለስኩላት። «ቁልፉን ሁለት ጊዜ እየተጫናችሁ ነው፤ አንዱን ስም ሁለት ጊዜ እያስገባችሁ ነው።» በእርግጥ ሁለት ጊዜ የመጫን ስህተት ከዚያ በፊት ብዙ ጊዜ ገጥሞኛል። ስለዚህ አራሚው «ባለይዞታ» የሚል ነገር ደግሞ ከመጣ ሁለተኛውን እንዲያወጣው አዘዝኩት። በአንድ ከሰዓት ሥራው ተፈታ። የጥራት ማረጋገጫው ላይ በባለሙያነት ፈረምኩ። የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ አቶ ታደሰ ደስ ብሏቸው ሁላችንንም ሲቀላ ወስደው የተጠበሰ ዓሣ ጋበዙን። ዓሣው በአምስት ብር ሳህን ሙሉ የሚመጣበት ጊዜ ነው። እኔ ጭንቅላቱን ስግጥ ነበር።

ደብተሮቹ ታትመው፣ ገጻቸው በፕላስቲክ ተለብጦ መጡ። ቢሮው በዚያ ሽታ ታጠነ። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚታደሉት ጫኖ በሚባለው የገጠር ቀበሌ፣ ቅዳሜ ቀን፣ እንግዳ ተጠርቶ፣ ድንኳን ተተክሎ ነበር። የሚጠሩት ሰዎች ስም ዝርዝር በቀበሌው ግድግዳ ላይ ተለጠፈ።

ረቡዕ ጠዋት አንዲት ሴት መጣች። ጥቁር ሻሽ አስራለች፣ ነጠላዋ የሐዘን አደራረብ ነው። በር ላይ ጫማዎቹን ስታይ የራሷንም አወለቀች፤ አቧራ የጠጣ የጎማ ጫማ ነበር። ወይዘሮ አማረች እንደምትባል፣ ከጫኖ እንደመጣች፣ ባሏ ዳና ከሞተ ሰባት ወር እንደሆነው ነገረችኝ። የሙዝና የማንጎ መሬት አላቸው፤ ቦይ ዳር።

«ልጄ» አለችኝ፣ «ግድግዳው ላይ የዳና ስም ብቻ ነው ያለው። የኔ የለም። የዳና ወንድም ሳሙኤል፣ ወረቀቱ አንቺን አያውቅሽም አለኝ። ቅዳሜ ደብተሩን እሱ ሊቀበል ነው። ስሜን ከዚህ አንተ ነህ ያወጣህ?»

በዚያ አገር አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋው የሆነ ሰው አንተና አንቺን አልፎ አልፎ ይቀላቅላል፤ ለምጄዋለሁ። ጥያቄዋን ግን አልለመድኩትም።

«እኛ የምንጽፈው ከቀበሌ የመጣውን ነው እማማ። ስህተቱ ከዚያ ነው የሚሆነው። ቀበሌ ይጠይቁ» አልኳት። ይህን ስል ዓይኔ ስክሪኑ ላይ ነበር።

አልሄደችም። «ቅጹ ሲሞላ ነበርኩ» አለች። «ማንጎ ዛፍ ሥር ነው የሞሉት። መጀመሪያ ዳና ጣቱን አኖረ። ከዚያ እኔ። ቀለሙ ለሁለት ቀን አልለቀቀኝም። ሁለት ጣት ነው ያለው፣ ሂድና እይ።»

እንድትሄድልኝ ብዬ ነው የተነሳሁት። ወረቀት የሚከማችበት ክፍል ከኮሪደሩ መጨረሻ ነው፤ የጫኖን ከረጢት ፈታሁ፣ በስም ተደርድሯል፣ ብዙም አልፈጀም። ቅጹ ላይ ሁለት አሻራ አለ። አንደኛው ትልቅ፣ ሁለተኛው አጠገቡ ያረፈ፣ ትንሽ የተዛነፈ። ከሥሩ ተጽፏል፤ አንደኛ ባለይዞታ፣ ዳና። ሁለተኛ ባለይዞታ፣ አማረች።

ከዚያ በታች ያለውን ቅጽ አየሁ። ሁለት አሻራ። ቀጥሎ ያለውን። ሁለት። ገና ኮምፒውተሩ ጋ ሳልደርስ ገብቶኛል።

በዚያ የደንብ ፋይል ላይ አንድ ነገር ስንት ጊዜ ሊመጣ እንደሚችል ካልጻፉበት ማሽኑ «አንድ ጊዜ ብቻ» ብሎ ይወስደዋል። መጽሐፉ ላይ አንብቤዋለሁ፣ አስምሬበታለሁም። ባለይዞታ የሚለውን ስጽፍ ግን ቁጥሩን ሳላስገባ አለፍኩ። መርማሪው ሁለት ስም ያለበትን ቤተሰብ ሁሉ ስህተት ነው አለ። አራሚው ደግሞ እኔ እንዳዘዝኩት ሁለተኛውን አወጣ። ሁለተኛ የሚጻፈው ሁልጊዜ የሚስት ስም ነበር። ቁልፍ ሁለት ጊዜ የተጫነ ሰው አልነበረም።

የከፋው ሌላ ነው። አራሚው የሚሠራው በዋናው ፋይል ላይ ነበር፤ አሮጌውን አያስቀርም። ቦታ ለመቆጠብ ብዬ ያደረግኩት ነው። ኮምፒውተሩ ውስጥ የሴቶቹ ስም አልነበረም፤ አንድም ቦታ።

ወይዘሮ አማረች ኮሪደሩ ላይ ቆማ ትጠብቃለች። «አገኘኸው?» አለች።

«አግኝቼዋለሁ። ሁለት ጣት ነው።»

«እና?»

«እስከ ቅዳሜ አየዋለሁ» አልኳት። ማን እንዳጠፋው አልነገርኳትም። ጫማዋን አጥልቃ ወረደች።

ቅድስትን በር ዘግቼ ነገርኳት። «እኛ ሁለት ጊዜ አልተጫንንም» አላለችኝም፤ ብትል ይቀለኝ ነበር። የጠረጴዛዋን መሳቢያ ስትከፍት በላስቲክ የታሰሩ ፍሎፒ ዲስኮች ደርድራለች። «በየማታው ሥራ ስንጨርስ እገለብጠው ነበር» አለችኝ። «መብራት ሲሄድ የደከምንበት እንዳይጠፋ ብዬ ነው። ማንም አላዘዘኝም።» እዚያው ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ስሞቹ በመሳቢያ ውስጥ ነበሩ።

ሐሙስ ከሰዓት መብራት ጠፋ። መብራት ሲሄድ ኮምፒውተሩን የሚያቆየው ባትሪ፣ ዩፒኤሱ፣ የሚሰጠን ሩብ ሰዓት ነው። ያን ሩብ ሰዓት ለአንድ ነገር ተጠቀምንበት፤ ሁለት ስም የነበረበትን ፋይል ሁሉ የሚለይ አጭር ፕሮግራም ጽፌ በቅድስት ዲስኮች ላይ አስኬድኩት። የጫኖው ዝርዝር ስክሪኑ ላይ መውረድ ጀመረ፤ የሴት ስም፣ የሴት ስም፣ የሴት ስም። ዩፒኤሱ መጮህ ከጀመረ በኋላም ዝርዝሩ አላቆመም። ፕሪንተሩ የመጨረሻውን ገጽ ግማሹን አትሞ ሞተ። የቀረውን ቅድስት በእጇ ከቅጾቹ ሞላችው።

ዓርብ ጠዋት ዝርዝሩን ይዤ አቶ ታደሰ ዘንድ ገባሁ። ክፉ ሰው አልነበሩም። ጨጓራቸውን ያማቸዋል፣ መሳቢያቸው ውስጥ ሁልጊዜ ደረቅ ዳቦ አለ። ዝርዝሩን መነጽራቸውን አድርገው እስከ መጨረሻው አነበቡት። ከዚያ አጣጥፈው መለሱልኝ።

«ቅዳሜ ይለፍ» አሉ።

«ደብተሩ ከወጣ በኋላ ስም ማስገባት በፍርድ ቤት ነው የሚሆነው አቶ ታደሰ።»

«አውቃለሁ። እንግዶቹ ግን ነገ ጠዋት ይመጣሉ። ድንኳኑ ተተክሏል። ምን ልበላቸው? ከቅዳሜ በኋላ በደብዳቤ እናርመዋለን።»

«አንዷ ባሏ ሞቷል። የባሏ ወንድም ነገ ሊቀበል ነው።»

«ሙሉነሽ» አሉኝ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ማረጋገጫው ላይ የፈረምሽው አንቺ ነሽ። ፕሮግራሙም ያንቺ ነው። ውልሽ በሚመጣው ወር ይታደሳል። እኔ ላንቺም ብዬ ነው። ቅዳሜ ይለፍ።»

እናቴ ያን ጊዜ በየወሩ ከምልክላት ውጪ ገቢ አልነበራትም። ይህን የምጽፈው ለማመካኛ አይደለም፤ ከቢሯቸው ወጥቼ የተናገርኩት አንድ ቃል እንደሌለ ለመናገር ነው። ከሰዓት በኋላ ደንቡን ከፍቼ የጎደለችውን ቁጥር አስገባሁ። አንድ ቃል የማይሞላ ነገር ናት። የታተመውን ደብተር ግን አትለውጠውም።

ቅዳሜ ጫኖ ላይ ያስቀመጡኝ ጠረጴዛው ላይ ነው። ድንኳኑ ከማንጎ ዛፎቹ አጠገብ ነበር፤ ከኋላችን የመስኖው ውሃ ድምፁ ይሰማል። ንግግር ተደረገ፣ ተጨበጨበ። ከዚያ ስም ይጠራል፤ ሰውየው ይመጣል፤ እኔ ስሙን አገኛለሁ፣ ጣቱን ቀለሙ ላይ አስነክቼ መዝገቡ ላይ አስቀምጠዋለሁ፣ ደብተሩን እሰጠዋለሁ። አቶ ታደሰ አጠገቤ ቆመዋል። የመጀመሪያው ሰውዬ በሁለት እጁ ተቀብሎ ሳመው። ሁለተኛው ገልጦ አየው፣ ማንበብ አይችልም፣ ሽታውን አሸተተው። እየሰጠሁ ነበር። እያንዳንዱን ስሰጥ የሚስቱ ስም ከሐሙሱ ዝርዝር ላይ በዓይኔ ይመጣብኛል፤ ቢሆንም እየሰጠሁ ነበር። አንዳንዶቹ ተቀብለው ወዲያው ወደየሥራቸው ሄዱ። ሴቶቹ በግራ በኩል ሣሩ ላይ ተቀምጠው ያያሉ፤ ወይዘሮ አማረች ብቻ ቆማለች። አንድም ጊዜ ወደ እኔ አልተጠጋችም። ታየኛለች።

«አቶ ዳና» ተባለ።

ሳሙኤል ተነሳ። ኮት ለብሷል፣ የሞት ማስረጃና የቀበሌ ደብዳቤ በፌስታል ይዟል። ረጋ ብሎ ነው የመጣው፤ የሚያፍር ሰው አይመስልም። ለእሱ ወረቀቱ እንደሚለው ነበር ነገሩ። ደብተሩን አነሳሁት። ከዚያ መልሼ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩትና እጄን ላዩ ላይ ጫንኩበት።

«ስጪው እንጂ» አሉኝ አቶ ታደሰ በቀስታ።

«አልሰጥም።»

«ሙሉነሽ።»

«አልችልም አቶ ታደሰ።»

ሳሙኤል ወረቀቶቹን ወደ እኔ ገፋ አደረጋቸው። «ምን ጎደለ? ሁሉም አለ» አለ። የሚጠራው ሰው ቀጣዩን ስም ለመጥራት አፉን ከፍቶ ቆመ። ድንኳኑ ውስጥ ሹክሹክታ ተነሳና ጠፋ። ከፊት የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ፣ ረጅም ዘንግ የያዙ፣ ተነሱ። ጋሞዎች ነገር የሚያዩበት ዱቡሻ የሚባል አደባባይ አላቸው፤ እዚያ ሰው ሲናገር ሌላው ያዳምጣል፣ ማንም ማንንም አያቋርጥም። ሽማግሌው የተነሱት እንደዚያ ነበር፤ ድንኳኑን ዱቡሻ አደረጉት።

«ልጄ፣ ለምን አልሰጥም አልሽ?»

«ስም ጎድሎበታል አባቴ» አልኩ። «ቅጹ ላይ ሁለት ሰው ነው ያለው። ባልና ሚስት። ሁለት አሻራ አለ። የሚስቶቹን ስም ያወጣሁት እኔ ነኝ። ሆን ብዬ አይደለም፤ የሠራሁት ፕሮግራም ነው ያወጣው። ግን የሠራሁት እኔ ነኝ፣ ከረቡዕ ጀምሮም አውቄ ዝም ብያለሁ።»

«የዚች ብቻ ነው?» አሉ በዘንጋቸው ወደ ወይዘሮ አማረች እየጠቆሙ።

ዝርዝሩን ከቦርሳዬ አወጣሁ። ቅድስት ከኋላ መጥታ ተቀበለችኝና በጋሞኛ እሷ አነበበችው። ስም በተጠራ ቁጥር ከሣሩ ላይ አንዲት ሴት ትነሳለች። ማንም ተነሱ አላላቸውም። እንግዶቹ እርስ በርሳቸው ይተያያሉ። አቶ ታደሰ መነጽራቸውን አውልቀው በመሀረብ ይጠርጉ ነበር፤ ያልቆሸሸ መነጽር።

ሲያልቅ ሽማግሌው ወንዶቹን አዩና በራሳቸው ቋንቋ ጥቂት ቃል ተናገሩ። ቅድስት በጆሮዬ ተረጎመችልኝ፤ «የወሰዳችሁ መልሱ፤ ሁለቱም ስም ሲገባ ትወስዱታላችሁ ነው ያሉት።» ደብተሩን የሳመው ሰውዬ ቀድሞ መጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረው። ሌሎቹ ተከተሉት። ሳሙኤል ወረቀቶቹን ወደ ፌስታሉ መልሶ ወጣ። ወይዘሮ አማረች ያን ጊዜ ነው የተቀመጠችው።

ሦስት ሰዎች ግን ደብተራቸውን ይዘው ቀድመው ሄደው ነበር። ስማቸውን ጽፌ ያዝኩ።

ደብተሮቹ እንደገና ታተሙ፤ ይህን ለማድረግ አንድ ወር ተኩል ፈጀ። በቅድስት ዲስኮች ላይ አዲሱን ደንብ አስኬድኩት፣ መርማሪው አንድም ፋይል አልጣለም። ወይዘሮ አማረች ሁለቱም ስም ያለበትን ደብተር ወሰደች። ሳሙኤል ፍርድ ቤት ከሷት እኔ ቀርቤ ስለ ኤክስኤምኤል ለዳኛ አስረዳሁ፤ ዳኛው ብዙም የገባቸው አልመሰለኝም፣ ቅጹ ላይ ያሉት ሁለት አሻራዎች ግን ገቧቸው። መሬቱ ለእሷ ጸና። የኔ ውል አልታደሰም። አቶ ታደሰ በመጨረሻው ቀን እጄን ጨብጠው «ልክ ነበርሽ፣ ግን ቀድመሽ ብትነግሪኝ» አሉ። ነግሬያቸው እንደነበር ሁለታችንም እናውቃለን። ከዚያ በኋላ ያለውን ዕድሜዬን በማስተማር ነው የጨረስኩት። በየዓመቱ ተማሪዎቼን ቁጥሩን ያልጻፋችሁበት ቦታ ካለ አሳዩኝ እላቸዋለሁ፤ ለምን እንደሆነ ነግሬያቸው አላውቅም።

አምና ሲቀላ ገበያ ነጭ ሽንኩርት የምትሸጥልኝ አንዲት ሴት ነበረች። ከተራራው መንደር ከኦቾሎ በገበያ ቀን ትወርዳለች፤ ትክክለኛ ሚዛን ትመዝናለች፣ ጨምሪልኝ ሳልላት አንድ ሁለት ፍሬ ትጨምራለች። ለሁለት ዓመት ያህል ደንበኛዋ ነበርኩ፣ ስሟን አልጠየቅኋትም፤ እሷም «እትዬ» ብቻ ነው የምትለኝ። አንድ ቀን አጠገቧ ማንጎ የሚሸጥ ሰው ከጫኖ እንደመጣ ሲናገር ፊቷን አዞረች። «ጫኖን ታውቂዋለሽ?» አልኳት።

«አገባሁበት» አለች። «ልጆቼን እዚያ ነው የወለድኩ። ከዚያ ወጣሁ።»

«ለምን ወጣሽ?»

ሽንኩርቱን በእጇ እየፈተገች ነበር የምታወራው። «የመሬት ደብተር ያደሉ ጊዜ ባሌ ይዞ መጣ። የወንድሜ ልጅ አነበበልኝ፤ የኔ ስም የለም። ሲመዘገቡ እኔ አራስ ነበርኩ፣ ቅጹን አላየሁም። አስመዝግቤሻለሁ አለኝ። ማለልኝ። ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ቆሞ ማለልኝ። ሌላ ሴት ሊያስገባ ነው፣ ፊቴን እያየ የሚዋሽ ሰው ጋ አልኖርም ብዬ በዚያው ቀን ልጆቼን ይዤ እናቴ ዘንድ ኦቾሎ ገባሁ።»

«ስሙ ማን ይባላል?»

«ስሙ ወንድሙ ነው። አንቺ አታውቂውም።»

ደብተራቸውን ይዘው ቀድመው ከሄዱት ከሦስቱ አንዱ ነው። የእሷን ስም ሳትነግረኝ አወቅሁት፤ ታደለች። በቅድስት የእጅ ጽሑፍ ከተሞሉት መሀል ነበር።

«በኋላ ሌላ ደብተር አላመጣልሽም?» አልኳት። አፌ ደርቆ ነበር።

ቀና ብላ አየችኝ። «አመጣ። በእግሩ ኦቾሎ ድረስ ወጥቶ አመጣ። ስሜ አለበት። አፍሮ ያስጨመረው ነው ብዬ በሩን ዘጋሁበት። ሌላ ሴት አላገባም። የዛሬ ሁለት ዓመት ሞተ።»

ነገርኳት። ሸቀጧ መሀል፣ ቆሜ፣ ከደንቡ ጀምሬ ልነግራት ስል ቃሉ ሁሉ የማይረባ ሆነብኝና አጭሩን ነገርኳት። ባልሽ አስመዝግቦሽ ነበር። ስምሽ ከሱ ስም ቀጥሎ ተጽፎ ነበር። ከኮምፒውተር ያጠፋሁት እኔ ነኝ። እሱ አልዋሸሽም።

«መጀመሪያውኑ ነበረ?» አለች።

«ነበረ። ሁለተኛ ሆኖ።»

ሽንኩርቱን አስቀመጠችው። እጆቿን በቀሚሷ ላይ ጠረገች፣ ደጋግማ። ትሰድበኛለች ብዬ ጠበቅሁ፣ ብትሰድበኝም በወደድኩ ነበር። ወደ እኔ አላየችም።

«ቀብሩ ሄጄ ነበር» አለች በመጨረሻ። «ልጆቹ ካልሄድሽ ስላሉኝ ነው። ሰው ሁሉ ሲያለቅስ እኔ አላለቀስኩም።»

ከዚያ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበችው። ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ፣ ድምፅ ግን የላትም። ከጎኗ ያለው ከረጢት ላይ ተቀመጥኩ። አንዲት ሴትዮ ዘንቢል ይዛ መጣችና ነጭ ሽንኩርቱ ስንት እንደሆነ ጠየቀች። ታደለች መመለስ ስላልቻለች እኔ መለስኩላት።